ስንዱ የጠቀጠቀችው ጎመን

ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የገባሁት ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ከጉና እየገፋ ሲመጣ በእጄ የያዝሁት አንድ ማማሰያና አንድ ጭልፋ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ደብረ ታቦር ላይ በአንድ ደጃዝማች ቤት ከሽንኩርት ከታፊነት ተነሥቼ የወጥ ቤት አለቃ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ደጃዝማቹ ሲሻሩ ቤቱ ተፈታ። ጠጅ ጣዩም፣ እንጀራ ጋጋሪዋም፣ አሳላፊውም እግሩ ወዳመራው ሄደ። እኔም ጉልበቴ ሳያልቅ ሌላ ጌታ ፍለጋ ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ንጉሡ ሠረገላና መድፍ እንዲሠሩላቸው ያሰፈሯቸው ፈረንጆች ነበሩ። የአንዱ ሚስት ለሕፃናት ትምህርት ቤት ከፍተዋል ሲባል ሰምቼ ወደዚያ ሄድሁ። ልጆቹ አንዳንዶቹ ወላጅ የሌላቸው፣ አንዳንዶቹ ከፈረንጆቹ ጋር የሚሠሩ ባለ እጆች ልጆች፣ የቀሩት ደግሞ እናቶቻቸው ለምሳው ብለው የሚልኳቸው ናቸው። ትልቁ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር።

እመቤቲቱ መጀመሪያ ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ።

«ምን ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«ከበሬ ቅልጥም እስከ ሽሮ የማልሠራው የለም፣ እሜቴ።»

«በሬ የለንም።»

«ሽሮው ካለ ደግ ነው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሲመሽ ለምን እንዳልሳቅሁ ገባኝ። በደጃዝማቹ ቤት ውሃ ቀጂው ሌላ፣ እንጨት ፈላጩ ሌላ፣ እሳት አንዳጇ ሌላ ነበረች። እዚህ ውሃ ቀጂዋም፣ እንጨት ፈላጯም፣ አንዳጇም እኔው ነኝ። ወንዙ ከታች ነው፤ ወጥ ቤቱ ከላይ። እንስራውን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ በየእርምጃው ይቆጥርብኝ ነበር።

ለልጆች ማብሰል ለጌታ ከማብሰል ይከብዳል። ጌታ ወጡ ሲቀጥንበት ይቆጣል፤ ሕፃን ግን ያለቅሳል። ቁጣው ይሻላል። ጌታ ጠግቦ ይነሣል፤ ሕፃን ጠግቦ ከተነሣ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ማታ ማታ ወገቤን ይዤ መደቡ ላይ ስጋደም፣ ነገ ደግሞ ይህንኑ ነው እያልሁ እተክዝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ እሜቴ ከጓሯቸው አንድ ጎመን ነቅለው መጡ። ዘሩን ከባሕር ማዶ ያስመጡት ነው። የእኛ አገር ጎመን ቅጠሉን ይዘረጋል፤ ይኸኛው ግን ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅልሎ የሰው ራስ ያህላል። ተቀብዬ ብመዝነው ድንጋይ ነው።

«ይኸን ምን ሊያደርጉት ነው፣ እሜቴ?»

«ባገሬ ብርድ ሊገባ ሲል ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ይኸን ጎመን ይከትፋል። በጨው አሽተን ጋን ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። እዚያው ራሱ ይቦካል፤ ብርዱ እስኪወጣም ይበላል። እናቴ ሥራውን ያስያዘችኝ በነዚህ ልጆች ዕድሜ ሳለሁ ነው። ልጆቹ በገዛ እጃቸው እንዲሠሩት እፈልጋለሁ።»

«ልጅ ወጥ ቤት ሲገባ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።»

«አውቃለሁ።»

«ማነው ኋላ የሚያጸዳው?»

«እኔና አንቺ» አሉ።

እኔና አንቺ ማለት አንቺ ማለት እንደ ሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ከዚያ በፊት ስለ እናታቸው አንድም ቀን ሲያነሡ አልሰማሁም። ጎመኑንም ሲያወሩ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር። አንጀቴን በሉት፤ እሺ አልሁ።

ገና ሳንጀምር በጋኑ ተጣላን። እኔ በግራዋ አጥቤ በወይራ ላጥነው ስል፣ ጢስ ከገባው አይቦካም ብለው ከለከሉኝ።

«ባልታጠነ ጋን የገባ ነገር በእኛ አገር ለሰው አይሰጥም» አልሁ።

«ማንጠግቦሽ፣ እባክሽ።»

በፈላ ውሃ ብቻ አጠብሁት። ጋን ሳላጥን ስሠራ በዕድሜዬ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ብታየኝ ባላወቀችኝ።

ጨዉን ደግሞ አሞሌ ሰብሬ በወፍጮ ፈጨሁት። ልጆቹ ዓይናቸው ፈጠጠ። ደምሌ የሚባለው ቀልቃላ፣ «እትዬ፣ ገንዘቡን ጎመን ውስጥ ሊበትኑት ነው?» አለኝ።

«አዎን። ስለዚህ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ብትወድቅ ወዮልህ» አልሁት።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆቹን ሁሉ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስታጠብሁ። ካራውን ከእኔ በቀር የሚነካ የለም፤ ጎመኑን እንደ ፀጉር አቅጥኜ ከተፍሁ። ልጆቹ ቁርበት ላይ ዙሪያውን ተቀምጠው በጨው ያሻሉ። ጎመኑ ሲታሽ የራሱን ውሃ ያነባል። ያን ጊዜ ወደ ጋኑ በእፍኝ በእፍኝ ይገባና በጡጫ ይጠቀጠቃል። ውሃው ከጎመኑ በላይ እስኪቆም ድረስ መጠቅጠቅ ነው። አየር ያገኘው ጎመን ይበሰብሳል።

ልጆቹ ተራ በተራ ሞከሩት። ጥቂት ይመቱና ክንዳቸውን ያሻሉ። ስንዱ ስትደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ስንዱ የባለ እጁ የቢያድግልኝ ልጅ ናት። አባቷ ከእብናት በኩል የመጣ ቀጥቃጭ ነው፤ ከፈረንጆቹ ጋር ብረት ይሠራል። እሷም ጧት ጧት ወናፉን ትነፋለታለች፤ ስለዚህ ክንዷ ጠንካራ ነው። በርጩማ ላይ ቆማ እስከ ብብቷ ጋኑ ውስጥ ገብታ ጠቀጠቀች። ወሬ አታበዛም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ ውሃው ወጣ!» አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። እሜቴ አጨበጨቡ።

ያን ጊዜ ደምሌ፣ «እሷ እጇን ካስገባችማ እኔ አልበላም» አለ።

«ለምን?» አልሁት።

«ቡዳ ናታ። ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው፣ እናቴ ነግራኛለች።»

ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ከቁርበቱ ሰበሰቡ። ስንዱ ክንዷን ከጋኑ አላወጣችም።

እሜቴ ነገሩ ስላልገባቸው ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። ልጁን ሊያስወጡት ተነሡ።

«ተዉት፣ እሜቴ» አልሁ። «እሱን ካስወጡት እናቱ ነገሩን ገበያ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ የምትጎዳው ስንዱ ናት።»

ተዉት። እኔም ብሆን የምፈራው ነገር ነው፤ አንገቴ ላይ ክታብ አለ። ግን የልጅቷን ክንድ እያየሁ፣ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በደጃዝማቹ ቤት ባገኝ ኖሮ ወገቤ ባልተቆረጠ ብዬ አሰብሁ። ጎመኑን በቅጠሉ ሸፍኜ፣ የእንጨት ክዳን አድርጌ፣ የወንዝ ድንጋይ ጫንሁበት። አፉን በጨርቅ አስሬ ጓዳ አስገባሁት።

ኅዳር ገባ። ጧት ጧት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ጓዳው መሽተት ጀመረ፤ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው በበሩ እየሮጡ ያልፉ ነበር። የገና ጾምም ተያዘ።

አንድ ቀን ጧት የደምሌ እናት ልጇን አዝላ ግቢ ገባች። አበራሽ ትባላለች፤ ከገሳይ የመጣች፣ ባሏ በንጉሡ ዘመቻ የቀረባት መበለት ናት። ከደምሌ ሌላ ልጅ የላትም። የልጁ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

«ያቺ የባለ እጅ ልጅ የት አለች?» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ፣ አበራሽ?»

«ልጄን በላችብኝ! ሆዴን ሆዴን ሲል ነው ያነጋው። እዩት፣ እትዬ፣ እዩት! ትምጣና እንትፍ ትበልበት። እምቢ ካለች ሰው ጠርቼ እመጣለሁ። ከሱ በቀር ምን አለኝ?»

ሰው ጠርቼ ማለት ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። በዚሁ ነገር ጎጆው ከነእህሉ የተቃጠለበት ባለ እጅ አይቻለሁ። ትትፋ ቢባል ደግሞ፣ ስንዱ ከተፋች አመነች ማለት ነው። ካመነች የሚያገባት የለም፣ አብሯት የሚበላ የለም፤ አገር የታመመውን ሁሉ እየተሸከመ ወደሷ ይመጣል። ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ናት። እኔ የማውቀው ወጥ መሥራት ነው፤ እሜቴም ወደ ከተማ ወርደው ነበር።

ደምሌን ተቀብዬ መደብ ላይ አስተኛሁት። ሆዱን ስነካው አገሳ። ግሳቱ ኮምጣጣ ነው። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ «ስንት ጊዜ ገባህ?» አልሁት። ፊቱን በነጠላዬ ሸፈነ።

ጓዳ ገብቼ አየሁ። የጋኑ አፍ የታሰረበት ቋጠሮ የእኔ አይደለም። ድንጋዩ ተንጋዷል፤ ጎመኑም ጎድሏል። አልበላም ያለው ጌታ በጾሙ፣ በባዶ ሆዱ፣ ገና ያልበሰለውን ጎመን በእፍኝ በእፍኝ ሲያወርደው ከርሟል። እንኳን ሕፃን በሬም ቢበላው ይነፋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። እውነቱን ብናገር አበራሽ፣ ታዲያ የሷ እጅ ከገባበት ጋን በልቶ አይደለም ወይ፣ ትላለች። እውነቱ ራሱ ስንዱን የሚከሳት ሆነብኝ። ጓዳው ውስጥ ጭልፋዬን ይዤ ቆምሁ። ደክሞኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ዳኛ ይዳኘው፣ ቄስ ይፍታው እንጂ ወጥ ቤት ምን ቤት ነው እያልሁ ቆምሁ።

በመጨረሻ የማውቀውን አደረግሁ። ወጥ ቤት የሆነች ሰው ለጌታዋ ስታቀርብ አስቀድማ በመዳፏ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መርዝ እንደሌለው የሚታመነው በዚያ ነው። ከጋኑ በወጨት ሞልቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። አበራሽ ፊት ቆሜ በመዳፌ አድርጌ ጎረስሁ።

«ልጅሽ የበላው ይኸን ነው» አልኋት። «ሰርቆ፣ ሳይበስል፣ በባዶ ሆዱ። ስንዱ እጇን ያስገባችበት ጎመን ነው። እኔም ይኸው እየበላሁት ነው። እዚህ ተቀመጪና እዪኝ። የሞትሁ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሰው ጥሪ።»

አበራሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እትዬ፣ አንቱ እንደሁ አርጅተዋል። ቡዳው ምን ሥጋ አግኝቶ ይበላዎታል?»

ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያናደደኝ ይኸ ነው። ግን ተቀመጠች። ወጨቱን እስኪያልቅ በላሁት። እውነቱን ልናገር፣ አልጣፈጠኝም። ይኮመጥጣል፣ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በርበሬ የሚባል ነገር አልጎበኘውም።

ለደምሌ ዝንጅብልና ጤና አዳም አፍልቼ ሰጠሁት፤ ሆዱንም በቅቤ እንዳላሸው ጾም ነውና በኑግ ዘይት አሸሁት። ጥላው ሲያጥር ከልጁ ሆድ የወጣው ነፋስ እስከ ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አበራሽ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ተመስገን» አለች። «የአንገቱ ክታብ ነው ያዳነልኝ።»

«ይሁን፤ ክታቡ ነው። ሰው አትጠሪም?»

«አልጠራም። ግን ያቺ ልጅ ከሱ አጠገብ እንዳትቀመጥ።»

ልጇን አዝላ ሄደች። እኔም ስንዱን ፍለጋ ዞርሁ። እንጨት ከተከመረበት ጀርባ ሆና ጩኸቱን ሰምታ ኖሯል፤ ልጆቹ እንደ ነገሩኝ ገና አበራሽ ስትጮህ ነው ወደ ቤቷ የሮጠችው። እኔ ስበላ አላየችም።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን ቢያድግልኝ ወደሚሠራበት ዳስ ሄድሁ። ብረት ከእሳት አውጥቶ ይቀጠቅጥ ነበር። ስንዱ ወናፉ ዘንድ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ልጁ ድኗል» አልሁት። «የነፋው ጎመን ነው። እናቱም ሰው አልጠራም ብላለች። ስንዱን ላካት።»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። እግዜር ይስጥዎ» አለኝ። «ዛሬስ ጎመን ነው። ነገ ጉንፋን ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ የአንዱ ላም ወተት ትከለክላለች። አንቱ የሁሉን በሽታ እየቀመሱ ይዘልቁታል?»

ብቻዬን ወደ ወጥ ቤቴ ተመለስሁ። እሜቴም ከከተማ እንደ ተመለሱ ሄደው ለመኑት። ሲመጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ምን እንዳላቸው አልጠየቅኋቸውም።

ጎመኑ ሲደርስ ጋኑን ከፈትን። እንደ ነበረ ለማቅረብ እጄ እምቢ አለኝ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አዋሕጄ ለወስሁት። እሜቴ ቀዩን ሲያዩ ደነገጡ።

«እናቴ ይኸን ብታይ አታውቀውም» አሉ።

«እናትዎ የጉናን ብርድ አያውቁትም፣ እሜቴ።»

ቀመሱ። አፋቸውን በእጃቸው እያራገቡ ደገሙ። ልጆቹ በእንጀራ ጠቅልለው ዓይናቸው እንባ እያቀረረ በሉት። ማንም እጁን አልሰበሰበም። ደምሌ ጨርሶ ወጨቱን እንደገና ዘረጋልኝ፤ ሞላሁለት። አበራሽ ልጇን ልትወስድ መጥታ በጣቷ ቀምሳ፣ በእኛ አገር ጎመንም ይሠራ እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። እሜቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። ለእናታቸው ይሁን ለስንዱ እንጃ፣ ያለቅሱ ነበር።

የቀረውን በወጨት አድርጌ ወደ ቢያድግልኝ ዳስ ወሰድሁ። ስንዱ ወናፉን ትታ መጣች። ገና ሳትጎርስ ጠየቀችኝ።

«ውሃው ከላይ እንደ ቆመ ቆየ?»

«እስከ መጨረሻው። አንድ ቅጠል አልበሰበሰም። ጥሩ አድርገሽ ጠቅጥቀሽዋል።»

በላች። በርበሬው አስነጠሳት።

«ልጆቹ በሉት?»

«በሉት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ደምሌም?»

«ደምሌ ሁለት ጊዜ።»

ሳቀች። ስንዱ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዘላ ተነሥታ ከምሰሶው ላይ ነጠላዋን አወረደች። «እንግዲያውስ ልምጣ! አባባ፣ በልተውታል እኮ፤ ልሂድ?»

ቢያድግልኝ መዶሻውን አስቀመጠ። እኔን ነው ያየኝ፣ እሷን አይደለም።

«እትዬ» አለኝ፤ «ስንዱ አብራቸው ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ይበሉት ነበር?»

ልጅቷ ነጠላዋን እንደ ያዘች አፌን ትጠብቃለች። ልዋሽ አሰብሁ። ብዋሽ ነገ ትመጣለች፤ መጥታም በዓይኗ ታየዋለች።

«አይበሉትም ነበር» አልሁ።

ስንዱ ነጠላዋን ምሰሶው ላይ መልሳ ሰቀለችው። ወጨቱን በውሃ አለቅልቃ በሁለት እጇ ሰጠችኝና ወደ ወናፉ ሄደች። መዶሻው እንደገና ሲመታ እየሰማሁ ዳገቱን ወጣሁ።

በዓመቱ እሜቴ የጎመኑን ነገር አላነሡም፤ እኔም አላስታወስኋቸውም። ኋላ ንጉሡ ፈረንጆቹን ይዘው ከአገሩ ሲነሡ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቢያድግልኝም ከነልጁ አብሮ ተጓዘ። እኔ ማማሰያዬንና ጭልፋዬን ይዤ ሌላ ወጥ ቤት ገባሁ። አሁን ያም አብቅቷል፤ ጉልበቴ ዳገት አይወጣም።

ከእኔ በኋላ ከሕፃናት ጋር ለምትሠሩ ጨዉን፣ ድንጋዩንና አጠቀጣጠቁን ነግሬአችኋለሁ። ከዚህ በላይ ከሥራዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ልጆች አብረው የሠሩትን አብረው ካልበሉት ሥራው አላለቀም።